የጣናን አዳኝ ዓሦች በራሳቸው ቅርጽ መለየት፦ ከጎንደር የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት መጨረሻ

ሥራው ይሄ ነው። ጣና ውስጥ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ስምንት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። እነሱን በዘንግና በመንጠቆ ይዤ፣ ለይቼ፣ ለክቼና ፎቶ አንስቼ መልሼ መልቀቅ እፈልጋለሁ። ቦታው ጎርጎራ ነው። እኔ የምኖረው ጎንደር ከተማ ስለሆነ ስድሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ መውረድ አለብኝ፤ በአዘዞ፣ በቆላ ድባ፣ በጭዋሂት አድርጎ። መንገዱ ሰላም ሲሆን እሄዳለሁ። ሳይሆን ሲቀር ቤት ቁጭ ብዬ የሚሠራውን እሠራለሁ።

ሐሳቡን የቀሰቀሰው አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ነው። ባስ የሚባለውን የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ያጠምዳል። ፎቶ በላከ ቁጥር ሥሩ ላይ «ትልቅ አፍ» ወይም «ትንሽ አፍ» ብሎ ይጽፋል። ለእኔ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይመስሉኝ ነበር። በምን እንደሚለያቸው ጠየቅኩት።

«አፉ ተዘግቶ የላይኛው መንጋጋ የት ጋ እንደሚያልቅ እይ» አለኝ። መንጋጋው ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ከሄደ ትልቅ አፍ ባስ ነው። ዓይኑን ሳያልፍ ከቀረ ትንሽ አፍ ባስ ነው። ከዚያ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ትልቅ አፉ ጎኑ ላይ ከራስ እስከ ጭራ የሚሄድ ጠቆር ያለ መስመር አለው። ትንሽ አፉ ደግሞ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ሸንተረሮች አሉት። የትልቅ አፉ የጀርባ ክንፍ መሃሉ ላይ በጣም ስለሚጎደጉድ ሁለት ክንፍ ይመስላል። የትንሽ አፉ ያን ያህል አይጎደጉድም።

ደስ ያለኝ አሠራሩ ነው። ቀለም በውኃው ይለወጣል፣ መጠን በዕድሜ ይለወጣል። አጥንት ግን ይታመናል። ጣና ላይ ባስ የለም። ግን አፍና ዓይን እያስተያዩ መለየት ለጣና ዓሣም የሚሠራ ይመስለኛል። እንሞክረዋለን።

ኅዳር መጀመሪያ

ጎርጎራ ወርጄ ከአስጋሪዎቹ ጋር ተዋወቅሁ። ፈቃድም ጠየቅሁ፤ ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው፣ የዓሣ ነገር ደግሞ የራሱ አዋጅ አለው።

ገበያ ላይ ዓሣ በአራት ይመደባል። ቆሮሶ አለ። አምባዛ አለ። በሶ አለ። የቀረው በሙሉ ነጭ ዓሣ ነው። አንድ ዕድሜ ጠገብ ታንኳ ቀዛፊ አሉ፤ ከሰው ሁሉ የሚበልጥ ዓይን አላቸው። የያዙትን አንድ በአንድ እያነሳሁ «አባቴ፣ ይሄ ከዚያኛው ጋር አንድ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሁሉም ነጭ ዓሣ ነው ልጄ። ግን ይሄኛው ጭቃ ይበላል፤ ይሄኛው ደግሞ ሌባ ነው፣ ልጆቹን ይውጣል» አሉኝ።

ሌባ ያሉትን አንስቼ አየሁት። ራሱ ረጅም፣ አፉ ሰፊ፣ ገላው ቀጠን ያለ። ጭቃ ይበላል ያሉት ደግሞ ሰውነቱ ሰፊና ወፍራም ነው፤ አፉም ወደ ታች ያመለክታል። ያየሁትን ሁሉ በዚሁ ቀን መጽሐፍ ላይ ካለው ጋር አስተያየሁት። ሽማግሌው ያሉት ልክ ነው።

ኅዳር፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ

መንጠቆ ከመያዜ በፊት ስለ ዓሦቹ የማውቀውን ልጻፍ። ያለዚህ የተቀረው ሥራ አይገባም።

ነጭ ዓሣ የሚባሉት የላቢዮባርበስ ወገኖች ናቸው። ካርፕ ከሚባለው የጣፋጭ ውኃ ዓሣ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። አንድ የጀርባ ክንፍና አፋቸው ዙሪያ ሁለት ጥንድ አጫጭር ጢም አላቸው። ጣና ብቻ ውስጥ ከአሥራ አምስት የሚበልጡ ዝርያዎች ተለይተዋል። ይህን ያህል የካርፕ ወገን በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተለያይቶ የሚኖርበት ሌላ ቦታ ዛሬ የለም። የዚህ ምክንያቱ ጢስ ዓባይ ነው። ወደ 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው ፏፏቴ ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ ወደ ጣና እንዳይወጣ ዘግቶታል። የናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ አዳኝ ዓሣ ባሮ ላይ አለ፣ ጫሞ ላይ አለ፣ ጣና ላይ ግን የለም። አዳኝ ሲጠፋ የአዳኙን ቦታ ነጭ ዓሣ ያዘው።

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር መጥቶ ነበር። ከሰበሰባቸው የጣና ዓሦች ውስጥ ብዙዎቹን በ1835 ገለጻና ስም አውጥቶላቸዋል። በጣሊያን ጊዜ ደግሞ ቢኒ የሚባል ተመራማሪ በ1940 ሌሎች ጨመረ። አንዱን በጎርጎራ ስም ጎርጎሬንሲስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው ተብሎ ተጠቀለለ። ከዚያ በ1990ዎቹ ናግልከርክና ሲቢንግ የሚባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ራስ እየለኩ፣ ሆድ እየከፈቱ፣ እያንዳንዱ የት እንደሚኖርና ምን እንደሚበላ እየመዘገቡ እንደገና ለያዩዋቸው። እኔ የማደርገው የእነሱን ሥራ በመንጠቆና በማስመሪያ መከተል ነው።

አዳኞቹ ስምንቱ እነዚህ ናቸው፦ ሜጋስቶማ፣ አኩቲሮስትሪስ፣ ትሩቲፎርሚስ፣ ማክሮፍታልመስ፣ ፕላቲዶርሰስ፣ ጎርጓሪ፣ ዳይኔሊ እና ሎንጊሲመስ። ስማቸው ምላስ ያስራል፤ አንዴ ከተለመዱ ግን ይቀላሉ።

ኅዳር መጨረሻ

ዛሬ የሠራሁት ሥራ ከሁሉ በላይ አስደስቶኛል። ከአስጋሪዎቹ የዓሣ ራስ ገዝቼ መጣሁ፤ ሥጋውን ለሆቴል ስለሚሸጡት ራሱን በርካሽ ሰጡኝ። አንዱ ሽማግሌው ሌባ ያሉት ዓይነት ነው። ሌላው ሰውነተ ሰፊው ጎርጎሬንሲስ ነው።

የካርፕ ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ለማየት ራሱን በድስት ለጥቂት ደቂቃ ቀቀልኩት። ሥጋው ሲላቀቅ የስንጥቡን ክዳን ገልጬ ከኋላው በጣቴ ፈለግሁ። ግራና ቀኝ ሁለት ጎባጣ አጥንቶች አሉ። ቀስ ብሎ ማውጣት ያስፈልጋል፣ ቀጭኑ ጫፍ ይሰበራል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠብኳቸው። ጥርሶቹ በሦስት ረድፍ ተደርድረው ወጡ።

የአዳኙ ጥርስ ቀጭን፣ ሹልና ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። የያዘውን ወደ ጉሮሮ ለመጎተት የተሠራ ነው። የጎርጎሬንሲስ ደግሞ ወፍራም ነው፣ አንዳንዱም ጠፍጣፋ ነው። የሚበላው ቀንድ አውጣና የመሳሰለውን ስለሆነ ዛጎል ይሰብርበታል። ሁለቱን አጥንት ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ የእህቴን ልጅ ጠራሁት። «ጋሼ፣ ይሄኛው መርፌ ነው፣ ይሄኛው ወፍጮ ነው» አለ። ከዚህ የተሻለ አላልኩም።

ለማጥመዱ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አገኘሁ። አፉ ሰፊ ቢሆንም ከኋላ ያለው የጉሮሮ ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። ትንሿን ጣቴን እንኳ በግድ ነው ያስገባሁት። መንጋጋ ላይ ጥርስ የለውም፤ ስለዚህ የያዘውን ቆራርጦ ሊበላ አይችልም። ሳይቆርጥ መዋጥ አለበት። ባስ የራሱን ግማሽ የሚሆን ዓሣ ሊውጥ ይታገላል። የጣና አዳኝ ግን ትናንሽ ዓሦችን ብቻ ነው የሚያሳድደው። እንግዲህ የአጎቴ ልጅ የላከልኝ ጣት የሚያህሉ ማታለያዎች (በምግብ ፋንታ ክሩ ላይ የሚታሰሩ አስመሳይ ዓሦች) ለዚህ ዓሣ አይሆኑም። ትንሽ መሆን አለበት።

ታኅሣሥ

የመለኪያ ሰሌዳ አሠራሁ። ከኮምፔርሳቶ ነው። 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድ አለው። በነጭ ቀለም ተቀብቶ በየሴንቲ ሜትሩ ቀጭን መስመር ተሰምሮበታል። በግራ በኩል ቀጥ ያለች ጠርዝ አለችው፤ የዓሣው አፍ እዚያ ይደገፋል። ርዝመቱን ከአፍ ጫፍ እስከ ጭራው መሰንጠቂያ ነው የምለካው። የጭራ ጫፍ ስለሚቆረጥና ስለሚበላ አያስተማምንም።

ከእያንዳንዱ ዓሣ የምወስደው ይሄን ነው፦ አጠቃላይ ርዝመት፣ የራስ ርዝመት እስከ ስንጥቡ ክዳን መጨረሻ፣ የዓይን ስፋት፣ የሰውነት ቁመት ከጀርባ ክንፉ ሥር፣ የመንጋጋው ጫፍ ከዓይኑ አንጻር የት እንደሚያልቅ። አንድ ፎቶ ከጎን፣ አንድ ከላይ። ከላይ የሚነሳውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፕላቲዶርሰስ ግን የሚለየው በሰፊውና በጠፍጣፋ ጀርባው ነው፤ ከጎን ቢያዩት ከሌላው ይቀላቀላል።

ማታለያውን ደግሞ እኔው ሠራሁት። ጎንደር ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ዘንጉና ሪሉ (የክሩ መጠቅለያ) ከውጭ የመጡ ናቸው፤ ክሩን ገዛሁ። ማታለያው ግን ከሻይ ማንኪያ ይወጣል። ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ቀላሉንና ስሱን ማንኪያ መረጥኩ። እጀታውን በሞርሳ ይዤ በብረት መጋዝ ቆረጥኩ። ጠርዙን በሊማ አለሰለስኩ፣ ካልተላገ ክሩን ይበጥሳል። ጎረቤቴ ካለው ጋራዥ በትራፓኖ ሁለቱንም ጫፍ በቀጭኑ አስበሳሁት። በአንዱ ቀዳዳ ቀለበትና መንጠቆ፣ በሌላው ክሩ ይገባል። አንዱን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አደብዝዤ ሌላውን እንዲያብረቀርቅ ተውኩት። ውኃ ውስጥ ሲጎተት ሲገለባበጥ አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል። የቆሰለ ትንሽ ዓሣ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው።

መጨረሻ ላይ የሻይ ማንኪያው ጎድጓዳ ክፍል ራሱ ትልቅ ሆነብኝ። ገላውን በመቀስ አጥብቤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ አደረግኩት። መንጠቆው ባለ አንድ ጫፍ ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን ወደ ኋላ የዞረች እሾህ በፒንሳ ጨፈለቅኳት። ዓሣው ሲለቀቅ አፉ እንዳይቀደድ ነው።

ጥር

ጥምቀት ነው። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፣ ቀሃና ፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ መሄጃ የለም። ወደ ሐይቁ አልወረድኩም።

የካቲት መጀመሪያ

ውኃው ጠርቷል። ጣና ከክረምት በኋላ ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል ያደፈርሰዋል። ከበጋው አጋማሽ በኋላ ይሻላል። እያየ የሚያድን ዓሣ ደግሞ የሚያስፈልገው ብርሃንና ጥራት ነው።

ሁለት ዓይነት ማጥመድ ጎን ለጎን ሞከርኩ። የእህቴ ልጅ በትልና በቡሽ ተንሳፋፊ ከዳር ያጠምዳል። እኔ በማንኪያዋ ከድንጋያማው አፍንጫ ላይ ወደ ጥልቁ እወረውራለሁ። በትሉ ቶሎ ቶሎ ይያዛል። የሚመጣው አብዛኛው ኢንተርሚዲየስ ነው፤ የዳሩ ሁሉን በሊ እሱ ነው። መካከለኛ ራስ፣ መካከለኛ አፍ፣ ለየት የሚያደርገው ነገር የለም። ይህን ዓሣ በደንብ ማወቅ ግን ግድ ነው። ሌሎቹ በሙሉ የሚለዩት ከእሱ ጋር እየተነጻጸሩ ነው።

አንድ ደግሞ ከንፈሩ ወፍራምና የታችኛው ከንፈሩ ሥጋ የተንጠለጠለበት ወጣ። ኔድጊያ ነው። በድንጋይ መካከል አፉን እየሰካ የነፍሳት ትል የሚለቅም ነው። አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም።

በማንኪያዋ በኩል ረጅም ዝምታ ነበር። ጠዋት ነው ሐይቁ የሚረጋው፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ማዕበል ያመጣል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ውኃው ዳር መድረስ አለብን። ቦት ጫማ ሳናደርግ ዳሩ ውኃ ውስጥ አንገባም። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ እንደኔ የሚያጠምድ ሰው ይህን አይርሳ።

የካቲት፣ ሁዳዴ እንደገባ

ዛሬ አዳኝ ያዝኩ።

ማንኪያዋን ወርውሬ እስክትሰጥም ጠበቅሁ። ከዚያ ዘንጉን ትንሽ ብድግ፣ ትንሽ ዝቅ እያደረግኩ ጠቀለልኩ። ጠለቅ ካለው ቦታ ወደ ድንጋዩ ስትቀርብ መታት። ትል የሚበላ ዓሣ መጀመሪያ ነካ ነካ ያደርጋል። ይሄኛው አንዴ ገጭ አደረጋትና ወደ ጥልቁ ዞረ። ዘንጉ ጎበጠ። አላጣደፍኩትም። እጄን ውኃ ውስጥ ነክሬ አርጥቤ ነው የያዝኩት፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ልብስ የሆነውን ዝልግልግ ነገር ይገፍፈዋል።

ሰሌዳው ላይ 43 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ራሱ 12። ማለት ከአጠቃላይ ርዝመቱ ከሩብ በላይ ራስ ነው። ዓይኑ ለራሱ ትልቅ አይደለም። አፉ ፊት ለፊት ነው የሚከፈተው፣ የመንጋጋው ጫፍ ወደ ዓይኑ ፊት ጠርዝ ይጠጋል። የያዝናቸው ኢንተርሚዲየሶች ግን መንጋጋቸው ገና አፍንጫቸው ሥር ነው የሚያበቃው። ግንባሩ ሻኛ የለውም፣ አፍንጫው አይሾልም። ጀርባው ብርማ ሆኖ ወደ ወይራ ቀለም ያደላል፤ ቀለሙን ግን ለመለያ አልመዘገብኩትም። ሜጋስቶማ ነው። ሽማግሌው ቀርበው አዩትና «ሌባው ይሄ ነው» አሉ።

ስለቀው ገረማቸው። ሁዳዴ ነው፣ ዓሣ የሚፈለግበት ወቅት ነው። ብዙ ሰው በጾም ዓሣ ይበላል፣ ዋጋውም ያኔ ይጨምራል። የያዙትን እየለቀቁ መሄድ ለእሳቸው እንግዳ ነገር ነው። ትክክል ናቸው፤ እሳቸው ቤተሰብ ያስተዳድሩበታል። እኔ ግን የምፈልገው ልኩን ነው። እራት ከሆነ ቆሮሶ ገዝቼ ነው የምገባው። ነጭ ዓሣ ሥጋው ውስጥ የሹካ ቅርጽ ያላቸው ቀጫጭን እሾሆች ስላሉት ለጥብስም አይመችም፤ ለጉላሽ ጥሩ አድርጎ የሚከትፍ እጅ ይፈልጋል።

መጋቢት

የአጎቴ ልጅ የሜጋስቶማውን ፎቶ አይቶ ደወለ። ደስ ብሎታል። ከዚያ ግን «ለምን ጥቂት የባስ ጫጩት ጣና ውስጥ አንጨምርም? ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ አለ እኮ» አለኝ። ልክ ነው፣ ናይቫሻ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተለቋል።

ይህን ጥያቄ ሌላም ሰው ስለሚያነሳው መልሴን እዚህ አኖራለሁ። አይሆንም። በምንም ዓይነት አይሆንም።

ቪክቶሪያ ሐይቅን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ናይል ፐርች ተለቀቀ። መጀመሪያ ብዙም አልታየም። በ1980ዎቹ ግን ቁጥሩ ፈነዳ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ በመቶ የሚቆጠሩ የትናንሽ ዓሦች ዝርያዎች አብረው ጠፉ። የቪክቶሪያ አስጋሪ ትልቅ ዓሣ አገኘ፣ ሐይቁ ግን የነበረውን አጣ። ጣና ከቪክቶሪያ በጣም ያነሰ ነው። ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር አያልፍም። መሸሸጊያ የለውም። መንጋጋው ላይ ጥርስ ያለው፣ ትልቅ ነገር መዋጥ የሚችል አዳኝ ቢገባ ጥርስ የሌላቸው የእኛዎቹ አዳኞች ሊወዳደሩት አይችሉም። ልጆቻቸው ደግሞ ቀለቡ ይሆናሉ።

ጉዳዩ የዓሣ ማጥመድ ደስታ ከሆነም ደስታው እዚህ አለ። ሜጋስቶማ እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። የአጎቴ ልጅ ባስ በያዘ ቁጥር የሚይዘው በብዙ አገር ያለ ዓሣ ነው። እኔ የያዝኩት ከጣና ውጭ የትም የለም። እሱም ይህን ስነግረው ተስማማ። ለመስከረም በዓል ሲመጣ ዘንጉን ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ፤ የጥቅምትን መጨረሻ ጠብቅ አልኩት። ምክንያቱን ከታች እጽፋለሁ።

ሚያዝያ

ከዳር መራቅ ነበረብን። ማክሮፍታልመስና አኩቲሮስትሪስ ገለጥ ያለውን ውኃ ይወዳሉ። እዚያ ትናንሽ የሐይቁ ዓሦች በመንጋ ይንሳፈፋሉ፤ እነሱን ነው የሚከተሉት። በታንኳ ወጣን። የደንገል ታንኳ ላይ ዘንግ ይዞ መቆም አይቻልም፣ ቁጭ ብሎ ነው። ሽማግሌው ቀዘፉ፣ እኔ ማንኪያዋን ከኋላ በቀስታ አስጎተትኩ። መቅዘፋቸው ራሱ ማንኪያዋን በልኩ ያንቀሳቅሳታል፤ አንዴ ሲስቡ ትነሳለች፣ ሲያርፉ ትሰምጣለች።

መጀመሪያ የመጣው አኩቲሮስትሪስ ነው። አፍንጫው ሹል ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጀርባ ክንፍ ያለው መስመር ሳይጎብጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ማስመሪያ ጫንኩበትና ብዙ ክፍተት አልነበረም። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ አነስ ያለ፣ ዓይኑ ፊቱን የሞላው ዓሣ መጣ። ማክሮፍታልመስ። በጣም ያስደሰተኝ ዓይኑን ሳልለካ በፊት ስሙን ማለቴ ነው። ልኩም አረጋገጠልኝ፤ ከሜጋስቶማው በሰውነቱ እያነሰ ዓይኑ ግን ይሰፋል።

ትሩቲፎርሚስ ያገኘሁት ደግሞ ከአስጋሪዎች መረብ ነው። ቀጭን፣ ለስላሳ መስመር ያለው ዓሣ ነው። አፉ ትንሽ ወደ ታች ስለሚያዘነብል የላይኛው ከንፈር ከታችኛው ቀድሞ ይታያል። ፕላቲዶርሰስንም ከዚያው መረብ ውስጥ ከላይ በተነሳ ፎቶ ለየሁት።

ከጎርጎራ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ማጥመድ አስቸጋሪ ነው። እምቦጭ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ ሰሜን ምሥራቁ ዳር ላይ ታየ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ክረምትን ተከትሎ ይስፋፋል። ከሥሩ ብርሃን አይገባም። ታንኳም አያልፍም፣ መረብም ይጠላልፋል። የደምቢያና የፎገራ ገበሬ በእጁ ሲነቅል ከርሟል። ለዓሣው የባሰ የሚሆነው እምቦጩ የሚሸፍነው የወንዞቹን መግቢያ ጭምር መሆኑ ነው።

ግንቦት

ወደ መገጭ ሄድኩ። ዘንግ አልያዝኩም፤ ያየሁትን ልጽፍ ብቻ ነው። መገጭ ከጎንደር በላይ ካለው ደጋ ይነሳል። ከተማዋን አልፎ በደምቢያ ሜዳ ወርዶ ጣና ይገባል። አሁን ውኃው ቀጭን ነው፣ ጠጠሩ ይታያል።

ያ ጠጠር ነው ሁሉም ነገር። ሜጋስቶማ፣ ትሩቲፎርሚስ፣ ማክሮፍታልመስ፣ አኩቲሮስትሪስና ፕላቲዶርሰስ ሐይቅ ውስጥ ይኖራሉ እንጂ እንቁላል የሚጥሉት ወንዝ ወጥተው ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በመገጭ፣ በድርማ፣ በርብ፣ በጉማራና በሌሎች ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ጥሩ ውኃ የሚሮጥበት ጠጠር ፈልገው እዚያ ይጥላሉ። ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ ለመያዝ ከሁሉ የሚቀሉት መውለጃቸው ሲደርስ ነው። መንጋ ሆነው በጠባብ አፍ ያልፋሉ። መረብ መግቢያው ላይ የዘረጋ ሰው የዓመቱን ትውልድ አንድ ላይ ይጠርጋል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ቁጥር በጣም እንደቀነሰ መዝግበዋል፤ በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከመጣ ብዙም ሳይቆይ ማለት ነው።

ወንዙ ዳር ያገኘኋቸው ሰዎች ስለ ብርብራም ነገሩኝ። ፍሬውን ወቅጠው ውኃ ላይ ይበትኑታል፣ ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ትልቁም ትንሹም አብሮ ነው የሚሞተው። አዋጁ መርዝን ይከለክላል። ያነጋገርኩት ወጣት ገበሬ «እኛ ትተነዋል፣ ከብቱም ያን ውኃ ይጠጣል» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው በየወንዙ ቢበዛ ብዬ ተመኘሁ።

አሸዋና ጠጠር የሚጭኑ መኪኖችም አየሁ። ጎንደር እየተገነባች ነው፣ አሸዋ ያስፈልጋል። ነገር ግን ጠጠሩ ከየትኛው የወንዙ ክፍል እንደሚነሳ የሚመለከተው አካል ቢለይ ለዓሣው ትልቅ ነገር ነው። ዓሣው የሚመርጠው ቦታ ውስን ነው።

ሰኔ መጀመሪያ

ዝናቡ ጀምሯል፣ ውኃው ደፍርሷል። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ መንጠቆ አልጥልም። የአጎቴ ልጅ የጥቅምትን መጨረሻ እንዲጠብቅ ያልኩት ለዚህ ነው። በመንጠቆ የሚለቀቅ ዓሣም ቢሆን እንቁላል ተሸክሞ ወደ ወንዝ ሲሄድ መንገላታት የለበትም።

እስካሁን ያሉኝ ፎቶዎችና ልኮች የሜጋስቶማ፣ የአኩቲሮስትሪስ፣ የማክሮፍታልመስ፣ የትሩቲፎርሚስና የፕላቲዶርሰስ ናቸው። ጎርጓሪ፣ ዳይኔሊና ሎንጊሲመስ ይቀራሉ። ጎርጓሪና ዳይኔሊ ሁለቱም ከራሳቸው ኋላ ሻኛ አላቸው፣ አፋቸውም ወደ ላይ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው በጋ ሰሌዳው ላይ የአፍ ማዘንበያ የምለካበት ማዕዘን አስጨምሬአለሁ። ሎንጊሲመስን የምጠብቀው በሰውነቱ ቁመትና ርዝመት ንጽጽር ነው።

ማታለያዎቹንም እያሻሻልኩ ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትሯ ሠርታለች። ለገለጥ ያለው ውኃ ቀጠን ያለች፣ ሁለት ሴንቲ ተኩል ገደማ የምትሆን እየቆረጥኩ ነው።

በደልጊ ወይም በሌላው የጣና ዳር የምታጠምዱ ካላችሁና ልትለኩ ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ። ዓሣው በግራ ጎኑ ይታይ፣ አፉ ተዘግቶ ይሁን፣ ማስመሪያ ከሥሩ ይኑር። ከላይም አንድ ፎቶ ይነሳ። ከመረብ የወጣና የሞተ ከሆነ ራሱን ቀቅላችሁ የጉሮሮውን አጥንት አውጡ፣ አጥቡ፣ ጥላ ውስጥ አድርቁ። ወረቀት ላይ የተያዘበትን ቦታና ወር ጽፋችሁ ከአጥንቱ ጋር እሰሩት።